ግማሽ የተፋቀ ቆዳ

ደብዳቤው ከእጁ ከወጣ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። መልስ የለም።

ሰንበታ ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በቆርቆሮ መጋዘኑ ደጃፍ ቆሞ ጫማውን በቡቱቶ ይወለውላል። ጫማው የአንድ ሟች የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ከገበያ የገዛው ለዛሬ፣ ለፈተናው ቀን ብሎ ነው። ጠቦታል። ድሃ ሲማር መጀመሪያ የሚቆስለው እግሩ ነው። ልቡ የሚቆስለው ኋላ፣ ትምህርቱን ሲጨርስ ነው።

"ሰንበታ! ሙሽራ መሰልህ እኮ!" አለው ደሊል። ደሊል የወሎ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ አግዳሚ ላይ አብረው ተቀምጠዋል። "ዛሬ የምትዳስሰው ቆዳ ነው ወይስ ልጃገረድ?"

"ቆዳ ይሻላል" አለ ሰንበታ። "ቆዳ ሲጠይቁት ይመልሳል።"

ደሊል ሳቀ። ሰንበታ አልሳቀም።

መጋዘኑ የሙሴ ቫርታን ነው። ሙሴ ቫርታን ቆዳ ገዝቶ በባቡር ወደ ጅቡቲ የሚልክ አርመን ነው። በ፲፱፻፲፱ ዓ.ም. የመጋዘኑን ግማሽ በአቡጀዲ ጋርዶ የንግድ ትምህርት ቤት አደረገው። "ባሕር ማዶ የንግድ ጥበብ የሚሰጥበት ታላቅ ቤት አለ፤ እኔ እዚያ ተምሬአለሁ፤ እናንተ ደግሞ ከኔ ትማራላችሁ" ይል ነበር። አሥራ አራት ተማሪ ተቀበለ። ደብዳቤ አጻጻፍ፣ የፈረሱላና የኪሎ ልክ፣ ከሻጭ ጋር አነጋገር፣ ትንሽ ትንሽ ፈረንሳይኛ፣ ከሁሉ በላይ ግን ቆዳ። በፈተና አንደኛ የሚወጣው የሙሴ ወኪል ሆኖ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ አገር ይሾማል፤ በቅሎ ይሰጠዋል፣ ቤት ይሰጠዋል፣ በስሙ ማኅተም ይቀረጽለታል። ማኅተም ያለው ሰው ደግሞ ሽማግሌ ልኮ የሰው ልጅ መጠየቅ ይችላል። ሰንበታ ሁለት ዓመት በቆሎ እየቆረጠመ የተማረው ለዚህች ነው።

ሙሴ በየማለዳው ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ይጽፍ ነበር። "ገበያ ዘር አይጠይቅም።" ሰንበታ ያቺን ቃል እንደ ዳዊት ደገማት። በጠመኔ የተጻፈች መሆኗን ረሳ።

ሲመዘገብ "የማን ልጅ ነህ?" ብለው ጠይቀውት ነበር። "የአርሲ ባለ ፈረስ ልጅ ነኝ" አለ። ዋሸ። አባቱ ገርባ አዳሚ ቱሉ ሐይቁ ዳር ቆዳ የሚፍቅ ሰው ነው። ፋቂ። ገርባ የሠራው ኮርቻ ላይ መኳንንቱ ይቀመጣሉ፤ ገርባ የጠጣበትን ዋንጫ ግን ይሰብሩታል። በጠፍሩ በሬ ይጠምዳሉ፣ ባልጋው ጠፍር ላይ ልጅ ይወልዳሉ፤ በመንገድ ሲያገኙት ግን ሕፃናቱን በነጠላ ይሸፍናሉ፣ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ይበላል እያሉ። ሰው ከሚጠቀምበት ሰው ይበልጥ የሚጠላው የለም።

ፍቅሩ የተጀመረው ደግሞ በሰው ሥራ ነው። ኃይለየሱስ የሚባል ተማሪ ነበረ፤ የኬላው ሹም የባላምባራስ አብተው ልጅ። ክንደ ብርቱ፣ ፊደል የማይዘልቀው። የእሱን የቤት ሥራ የሚሠራለት ሰንበታ ነበር። ከሰዓት በኋላ እየሄደ፣ ባላምባራስ ቤት መደብ ላይ ተቀምጦ ይጽፍለታል፤ በምላሹ ከመሶቡ ጥግ ይበላል። ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ የኃይለየሱስ እህት ሸዋወርቅ ስፌቷን ይዛ ትቀመጣለች። ዳዊት የደገመች ልጅ ናት። አንድ ቀን ኃይለየሱስ ስድስት ፈረሱላን ወደ ኪሎ መልስ ተብሎ ላቡ ጠብ ሲል፣ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ መጣ።

"መቶ ሁለት ነው፣ ጋሼ። እኔ በአክርማ ቆጥሬ ደረስሁበት።"

ሰንበታ ሳቀ። መጋረጃው በጠርዙ ተገለጠ፣ አንድ ዓይን አየው፣ ተከደነ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ሰንበታ ሌላ ዓይን አላየም።

መጻጻፍ ጀመሩ። ደብዳቤውን የምታመላልሰው ተሻለች ነበረች፣ የቤቱ ወጥ ሠሪ፣ በበርበሬ ቋጠሮ ውስጥ። አጻጻፉን ሙሴ ባስተማረው በንግድ ደብዳቤ አደረጉት፣ ቢያዝም የዕቃ ትእዛዝ እንዲመስል።

"ለክብርት ወይዘሮ ሸዋወርቅ። ጤናዎን እየጠየቅሁ፣ ትናንት በመጋረጃው በኩል የላኩልኝ ናሙና በደህና ደርሶኛል። ዕቃው እጅግ መልካም ስለሆነ ይጨመርልኝ።"

"ለአቶ ሰንበታ። የተላከው አንድ ዓይን ነው። ሁለተኛው የሚላከው የደንበኛው ታማኝነት ሲታወቅ ነው።"

እንዲህ እየተባባሉ ዓመት ከረሙ። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ግን ሰንበታ ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ጻፈ። እጁ ሦስት ጊዜ ቀለሙን ደፋው።

"ሙሴ ቫርታን እንዳስተማረን ታማኝ ነጋዴ የዕቃውን ነውር ከሽያጩ በፊት ይናገራል። እኔ ባለ ፈረስ አባት የለኝም። አባቴ ገርባ አዳሚ ቱሉ ቆዳ ይፍቃል። በቤታችሁ መሶብ ስበላ የከረምሁት ዋሽቼ ነው። ዕቃውን ካልፈለጉት ይመልሱት፤ አልከስም። ከፈለጉት አንዲት ቃል ይላኩልኝ።"

አሥራ አንድ ቀን። አንዲት ቃል። እንኳን ቃል፣ ተሻለችም ከገበያ ጠፋች። ሰንበታ የጠበበውን ጫማ አጠለቀና፣ የሚያመው እግሩ ይሁን ሌላ ነገር ሳይለይ ወደ ውስጥ ገባ።

* * *

የሙሴ ፈተና እንዲህ ነው። ዓይን አታላይ ነው ይላል፤ ሻጭ ቆዳውን አመድ ነስንሶ፣ ጠጉሩን አበጥሮ ያሳምረዋል፤ ጣት ግን አይታለልም። ስለዚህ ተፈታኙ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ይታሰራል። ቆዳውን ይዞ የሚመጣው ሌላ ተማሪ ነው፤ ከየት እንዳመጣው ለማንም አይናገርም። ተፈታኙ ዳስሶ፣ የምን ከብት ነው፣ ከየት አገር ነው፣ እንዴት ሞተ፣ እጁ እንዴት ያለ ሰው ፋቀው፣ ነውሩ የት ላይ ነው፣ ይህን ሁሉ ይናገራል።

ባላምባራስ አብተው በክብር ተጠርተው መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ካባ ለብሰዋል፣ ሁለት ጠብመንጃ ያዥ አሽከር ከኋላቸው ቆሟል። ከጎናቸው ኃይለየሱስ። ኃይለየሱስ ስድስት ቀን ከትምህርት ቤት ጠፍቶ ነበር። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል፤ የመንገድ ሰው ፊት። በእጁ አለንጋ ይዟል፣ እግሩ ሥር የተጠቀለለ ቆዳ።

"ሰንበታን የምፈትነው እኔ ነኝ" አለ ኃይለየሱስ።

"ጥሩ!" አለ ሙሴ ቫርታን። "ጓደኛ ለጓደኛ አይራራም። ገበያም እንዲህ ነው።"

ጨርቁን ያሰረለት ኃይለየሱስ ራሱ ነው። ሲያጠብቀው ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

"ደብዳቤህ ደርሶኛል" አለው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ወዳጅ። "ያነበበችልኝ እህቴ ናት። ቃል በቃል። እየሳቀች።"

ሰንበታ ከጨርቁ በታች ዓይኑን ጨፈነ። ጨለማ ውስጥ ሌላ ጨለማ አለ ቢሉት ኖሮ አያምንም ነበር።

ቆዳው ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። እጁን አሳረፈበት።

"የበሬ ነው" አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። "አምስት ዓመት ይሆነዋል። የቆላ ከብት ነው፤ ትከሻውን የግራር እሾህ ጭሮታል፣ ሆዱ ሥር መዥገር የነከሰው አለ። በካራ ነው የሞተው፤ በበሽታ የሞተ ከብት ቆዳ እንዲህ አይፈታም።"

"ብራቮ!" አለ ሙሴ። "ፍቂያውስ?"

ጣቶቹ ወደ መሐል ሄዱ። የመፋቂያው ሰንበር አንዱ ካንዱ እየተጠጋ፣ እኩል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ብርቱ እጅ ነው። ሰንበሩ ግን ወደ ግራ ያዘነብላል።

ጣቱ እዚያው ቆመ።

ግራኝ ፋቂ አዳሚ ቱሉ ያለው አንድ ብቻ ነው። ሰንበታ ሕፃን ሆኖ በዚህ ሰንበር ላይ ጣቱን እየነዳ ነው መቁጠር የተማረው።

ወጥመዱ ያኔ ገባው። እውነቱን ቢናገር አንደኛ ይወጣል፣ ግን ማንነቱን በገዛ አፉ ይናገራል። ቢዋሽ ይወድቃል። ኃይለየሱስ ሁለቱንም በር ዘግቶ መሐል ላይ ቆሞ ይስቃል።

"ምነው ዝም አልህ?" አለ ኃይለየሱስ። "ንገረና! የማን እጅ ነው?"

"ግራኝ ሰው ነው" አለ ሰንበታ።

"ስሙ?"

"ስም በፈተናው የለም" አለ ሙሴ።

"ዛሬ አለ!"

ሰንበታ መልስ ከመስጠት ይልቅ እጁን አራመደ። አንድ ስንዝር። ሁለት ስንዝር። ከዚያ ፍቂያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሥጋውና ስቡ እንዳለ ነው። የመጨረሻው ሰንበር መሐል ላይ ዘሎ፣ ቆዳውን ጣት እስኪያሾልክ ቀዶታል።

ገርባ ቆዳ ጀምሮ አቋርጦ አያውቅም። ሚስቱ፣ የሰንበታ እናት፣ የሞተች ዕለት እንኳ የጀመረውን ጨርሶ ነው ወደ ቀብሯ የሄደው። ግማሽ የተፋቀ ቆዳ ይሸታል፣ ይበሰብሳል፤ የፋቂ ውርደቱ ቆዳ መፋቁ ሳይሆን ሳይጨርስ መተዉ ነው ይል ነበር። ይህንን ሰው ምን አስነሳው? ማን አስነሳው?

ጣቱ ደረቅ ነገር አገኘ። ቅርፊት። ጠብታ፣ ሌላ ጠብታ፣ ከዚያ ሰፊ። አሸተተው።

ጨርቁን በገዛ እጁ ከዓይኑ ላይ ነጠቀው።

"ሙሴ" አለ። "የከብት ደም ከፍቂያ በፊት ይታጠባል፣ አይደለም?"

"ይታጠባል።"

"ይህ ደም የተፋቀው ላይ ነው የፈሰሰው። ከፍቂያው በኋላ። የከብቱ አይደለም።" ወደ ኃይለየሱስ ዞረ። "ስሙን ጠየቅኸኝ አይደለም? ገርባ ይባላል። አዳሚ ቱሉ ነው ያለው። ፋቂ ነው። አባቴ ነው። ምን አደረግኸው?"

አንዱ ተማሪ ምራቁን ተፋ። አንዱ አማተበ። ደሊል፣ ሁለት ዓመት ከአንድ ማሰሮ ውሃ አብሮት የጠጣው ደሊል፣ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገና መዳፉን በሱሪው ላይ ጠረገ። ሰንበታ ያቺን ጠረጋ አያት። ከአለንጋ በፊት የመታችው እሷ ናት።

"ይሄ..." አሉ ባላምባራስ፣ ከወንበራቸው እየተነሡ። "ይሄ ፍጥረት በቤቴ መሶብ በልቷል?"

"ዓመት ሙሉ፣ አባባ" አለ ኃይለየሱስ።

ሙሴ ቫርታን ላቡን ጠረገ። ወደ ሰሌዳው አፈግፍጎ ተደገፈ። "ሰንበታ፣ ልጄ፣ እኔ እንዳንተ ያለ ጣት አላየሁም። አንደኛ ነህ፣ እውነት ለመናገር። ግን ባላምባራስ ኬላውን ቢዘጉብኝ... ቆዳዬ እዚህ ቢበሰብስ... አንተስ ብትሆን ማን ከእጅህ ይገዛል? ወኪሉ ኃይለየሱስ ይሁን። አንተን... ጓሮ፣ ቆዳ ማጠቢያው ጋ፣ ቦታ እሰጥሃለሁ።"

ከሰሌዳው ሲላቀቅ ጠመኔው በጥቁር ኮቱ ጀርባ ላይ ነበር። ሰሌዳው ላይ የቀረው "ገበያ" የሚለው ብቻ ነው።

"አባቴን ምን አደረግኸው?" አለ ሰንበታ እንደገና።

"ግራኝ መሆኑን ስለማላውቅ" አለ ኃይለየሱስ፣ አለንጋውን እያፍታታ፣ "የሁለቱንም እጁን ጣቶች በጠብመንጃ ሰደፍ ሰበርኋቸው። 'ልጄን አትንኩብኝ' እያለ ይለምነኛል፤ ስለ ጣቱ እንኳ አልለመነኝም። ለመሆኑ ፋቂ ልጅ አለው እንዴ? ግልገል ነው እንጂ ያለው!"

ሰንበታ ጠረጴዛውን ዘለለው።

አለንጋው በአየር ላይ ተቀበለው፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ ቀደደው። አልቆመም። ሁለተኛው አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ ያዘውና ጎተተው፣ ኃይለየሱስ ከነአለንጋው መጣለት። በራሱ ግንባር አፍንጫውን መታው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ። አንዱ አሽከር ከኋላ በሰደፍ ጎኑን አለው፤ ሰንበታ ወደቀ፣ ወድቆም የኃይለየሱስን እግር አልለቀቀም። ተያይዘው በታሠሩት የቆዳ እስሮች መሐል ተንከባለሉ። ኃይለየሱስ ዓይኑን ሊጎረጉረው አውራ ጣቱን ሰደደ፤ ሰንበታ ነከሰው፣ የሰው ደም አፉ ውስጥ ገባ፣ ጨው ጨው አለው። ቡዳ ሰው ይበላል ይሉ የለ? ይኸውላችሁ አለ በልቡ፤ ዘመናችሁን ሙሉ ስትፈሩት የኖራችሁት ይኸውላችሁ።

ጠረጴዛው ሲገለበጥ ላዩ ላይ የነበረው የመግፈፊያ ካራ ወደቀ። ሰንበታ አነሣው። ሲተነፍሱ ሁለቱም እንደ በሬ ነው። የካራው ስለት የኃይለየሱስ ጉሮሮ ላይ ሲያርፍ ደሙ በቀጭኑ ወረደ።

"እንዳትተኩሱ! ልጄን እንዳትመቱ!" ጮኹ ባላምባራስ።

"የበሬ ጉሮሮና የሰው ጉሮሮ አንድ ነው" አለ ሰንበታ፣ በዝግታ፣ እንደሚያስተምር ሰው። "አባቴ ነው ያስተማረኝ።"

"ሰንበታ።"

በሩ ላይ ሴት ቆማለች።

* * *

መጀመሪያ አላወቃትም። ዓመት ሙሉ ያያት በመጋረጃ ጠርዝ ነው። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። እግሯ ባዶ ነው። ፊቷ ላይ አለንጋ በሰያፍ አልፎበታል፤ ግራ ዓይኗ አብጦ፣ ጠቁሮ፣ ተከድኗል። ከኋላዋ ተሻለች እያለቀሰች፣ የተሰበረ የጎተራ ቁልፍ በእጇ ይዛለች።

"ሸዋወርቅ! ማን አወጣሽ?" አሉ ባላምባራስ።

አባቷን አላየችም። የምታየው ሰንበታን ነው፣ ባላት አንድ ዓይን።

"አላነበብሁለትም" አለች። "አነበበችልኝ እያለ፣ የአባትህን ጣት ስለ መስበሩም ጎተራው ደጃፍ ሲፎክር ሰምቻለሁ፤ ማርያምን አላነበብሁለትም። ደብዳቤህን ከበርበሬው ውስጥ አግኝቶ 'አንብቢልኝ' ሲለኝ፣ ሰንበታ አሞሌ ጨው አዝዞበታል አልሁት። ሃያ አሞሌ ብዬ ቁጥር እንኳ ጨመርሁበት። ወንድሜ ሁለት ዓመት ንግድ ተምሮ የራሱን ጠላት ደብዳቤ ማንበብ አይችልም! ወደ ደብተራው ወሰደው። ሲመለስ..." እጇን ወደ ዓይኗ አነሣች፣ ሳትነካው መለሰችው። "አሥራ አንድ ቀን ጎተራ ውስጥ ነበርሁ። ወረቀት የለኝም። መልስህን በጥፍሬ ግድግዳው ጭቃ ላይ ጻፍሁት።"

"ምን ብለሽ?" አለ ሰንበታ። ካራው ጉሮሮ ላይ እንዳለ ነው። በዚያ ሰዓት እንኳ ይህን ጠየቀ። ፍቅር እንዲህ ያለ እብድ ነው።

"ዕቃውን ከነነውሩ ተቀብያለሁ ብዬ።"

ኃይለየሱስ ከሥሩ አጓራ።

"አንቺ ውርደታም! ፋቂ! የፋቂ..."

"ልረደው?" አለ ሰንበታ።

ተሻለች ፊቷን ሸፈነች። ሸዋወርቅ ግን ቀረበች፤ ቆዳ ላይ፣ ደም ላይ እየረገጠች፣ የባላምባራስ ልጅ፣ በባዶ እግሯ።

"እኔም ጎተራ ውስጥ በልቤ በየቀኑ ገድዬዋለሁ" አለች። "ሞቶ አልጠቀመኝም። ብታርደው እዚህ ይሰቅሉሃል። አዳሚ ቱሉ ደግሞ ጣቱ የተሰበረ ሽማግሌ አለ። ውሃ ማን ያጠጣዋል? ና፣ ሰንበታ። እንሂድለት።"

ሰንበታ ካራውን ከጉሮሮው ላይ አነሣ። ያኔ ነው የኃይለየሱስ ቀኝ እጅ ወደ ወገቡ የሄደው፤ ሽጉጡ ከአፎቱ ግማሽ ወጥቷል። ሰንበታ አላሰበበትም። ካራውን አወረደው። ስለቱ በኃይለየሱስ መዳፍ ገብቶ ከሥር ካለው የቆዳ እስር ጋር ሰፋው። ጩኸቱ የቆርቆሮውን ጣራ አንቀጠቀጠው።

"አባቴ የሚሠራው በግራው ነው" አለ ሰንበታ። "አንተ የምትመታው በቀኝህ ነው።"

አንዱ አሽከር ጠብመንጃውን አቀባበለ። ሸዋወርቅ ዞራ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ከአፈሙዙ ፊት ቆመች። አሽከሩ ጡት ሳትጥል ያዘላት ሰው ነው፤ አፈሙዙን ወደ ላይ ቀለበሰው፣ ጥይቱ ጣራውን በሳ፣ ፀሐይ በቀዳዳው እንደ ዘንግ ገባች።

ባላምባራስ አብተው ልጃቸውን አዩ። ትኩር ብለው አዩዋት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ የሚራሩ መስሎ ነበር። ግን ትዕቢት ካንጀት ይቀድማል።

"ተው፣ አትተኩስ" አሉ። "ጥይቴን በፋቂ አላረክስም። ተሻለች፣ ሂጂ፣ ማቅ ልበሺ። ድንኳን ይተከል። ሸዋወርቅ ሞታለች በሉ።"

ሸዋወርቅ ራሷን ዝቅ አድርጋ ለአባቷ እጅ ነሣች። የመጨረሻዋን። ሰንበታ ቆዳውን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገ፤ የጠበበውን ጫማ አውልቆ ከሙሴ ቫርታን እግር ፊት አኖረው። ሲወጡ በጣቢያው ባቡር ጮኸ። ሸዋወርቅ ደነገጠችና እጁን ያዘችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የተነካኩት፤ መዳፉ ላይ ያለው የወንድሟ ደም ነበር፤ አልለቀቀችውም።

* * *

ሁለት ቀን ተኩል ሄዱ፤ በሞጆ፣ አዋሽን ተሻግረው፣ በመቂ። ቆዳው ሲሸት የመንገድ ሰው አፍንጫውን ይዞ አለፋቸው። እሷ አንድም ጊዜ ጣለው አላለችም።

አዳሚ ቱሉ ሲደርሱ ጠዋት ነበር። ገርባ ጎጆው ደጃፍ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሁለቱም እጁ በኮባ ቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ ተኝቷል፤ እንደ ሌላ ሰው እጅ። ልጁን አየ። ፊቱ ላይ ያለውን ቁስል አየ። ልጅቷን አየ፤ አለባበሷን፣ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ፣ የጨዋ ልጅ እጇን አየ፤ ሊነሣላት ሞከረና አቃተው።

"እመቤቴ፣ ለርስዎ የሚሆን ዋንጫ የለኝም" አለ። "ሰንበታ፣ ከጎረቤት ንጹሕ ለምንላት።"

ሸዋወርቅ ከበሩ ሥር ያለውን የእሱን ዋንጫ አነሣች። ከእንስራው ቀድታ መጀመሪያ ለእሱ ወደ አፉ አደረገችለት። የተረፈውን እሷ ጠጣችው፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ።

የሽማግሌው ዓይን የልጁ ትከሻ ላይ ያለው ጥቅል ላይ አረፈ።

"ሳልጨርሰው ወሰዱት" አለ። የሰበሩትን ጣቱን አላነሣም። "አሁን ማን ይጨርሰዋል? ይበሰብሳል።"

ሰንበታ መፋቂያውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ሸዋወርቅ ቀደመችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸረጠች። ቆዳውን በችንካሩ ወጥራ ተንበረከከችና፣ ስፌት እንጂ ሌላ ያልያዘ እጇን ጫነችበት። መፋቂያው ዘለለ። ሁለተኛም ዘለለ፣ ጣቷን ቆረጣት። ደሟ ከገርባ ደም አጠገብ ጠብ አለ። አልቆመችም።

"እንደሱ አይደለም" አለ ገርባ። "ከአንገት ወደ ጭራ ነው። ቀስ ብለሽ። ክብደትሽን ጣይበት... እንደሱ። እንደሱ፣ ኢንተላ ኮ።"

ልጄ ማለቱ ነበር። ሸዋወርቅ ቃሉን አታውቀውም፤ ግን ቀና አለች። ሰንበታ ያኔ ነው ያየው። ያበጠው ዓይኗ በጠዋቱ ብርሃን በቀጭኑ ተገልጧል፤ ደም እንደ ቋጠረ፣ እያነባ፣ ግን ያያል። እሱን ያያል።

"ለአቶ ሰንበታ" አለች። "ሁለተኛው ተልኳል። ስለ መዘግየቱ ይቅርታ እንጠይቃለን።"

ሰንበታ መልሱን ያውቀው ነበር። ሙሴ ቫርታን አስተምሮታል፤ "በደህና ደርሶኛል" ነው የሚባለው። አፉን ከፈተ። አለንጋ ያላስለቀሰው፣ የሰደፍ ምት ያላስለቀሰው ሰው፣ ከግማሽ ቆዳው ማዶ ተንበረከከና፣ ሕፃን ሆኖ መቁጠር በተማረባቸው ሰንበሮች ላይ ግንባሩን ደፍቶ አለቀሰ። መፋቂያው ከአጠገቡ፣ ቀስ እያለ፣ ከአንገት ወደ ጭራ ይወርዳል።